ጸሐፊ ሲደክመው መዝገብ ይሳሳታል
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



  በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ወገኖቻችንን ነፍስ ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።

ዛሬ ልንናገር የተነሳነው ኃላፊነትን በፈቃድ ለቆ ስለ ማረፍ ነው። ይኼ ነገር በኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደም። ሹም ወይ ይሻራል ወይ ይሞታል እንጂ «ደክሞኛል፣ ልረፍ» ሲል እምብዛም አንሰማም። በእድርም ያው ነው። ዳኛው ወይም ጸሐፊው ልልቀቅ ቢል «ማን አስቀየመህ?» ይባላል፤ አለዚያም «ገንዘብ ጎድሎበት ይሆናል» እየተባለ ይታማል።

ሆኖም በቅርብ ዓመታት በአገራችን የታየ አንድ ምሳሌ አለ። ብርቱካን ሚደቅሳ ዳኛ የነበሩ፣ ኋላም በተቃዋሚ ፓርቲ መሪነት የታሰሩ ሰው ናቸው። ከውጭ አገር ተመልሰው በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። ምርጫ ቦርድ ማለት እንግዲህ ትልቅ መዝገብ ቤት ማለት ነው። መራጭ ይመዘግባል፤ የድምፅ መስጫ ወረቀት ያሳትማል፤ ሣጥኑን በየጣቢያው ያደርሳል፤ ቆጠራውን ያመሳክራል። የፖለቲካ መሣሪያው ይኼ ነው። እዚያ አንድ ቁጥር ቢዛባ ሕዝብ ከሕዝብ ይጣላል።

ሥራው ፋታ አልነበረውም። በ2012 ዓ.ም. የታሰበው ምርጫ በኮሮና በሽታ ምክንያት ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተደረገ። በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ። በጥር 2015 ዓ.ም. የደቡቡ ሕዝበ ውሳኔ መጣ። በወላይታ ጉድለት ስለተገኘ እንደገና ድምፅ እንዲሰጥ ተወሰነ።

በዚህ መካከል ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰብሳቢዋ ለጤንነታቸው በቂ ዕረፍት እንደሚያስፈልጋቸው ገልጸው ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ እንደሚለቁ አስታወቁ። ልብ በሉ፣ በማግሥቱ ጥለው አልሄዱም። ሁለት ወር ያህል ቀደም ብለው ተናገሩ፤ የወላይታውም ድምፅ ሰኔ 12 ቀን እሳቸው በቦታቸው ሳሉ ተሰጠ። ከርሳቸውም በኋላ ሜላትወርቅ ኃይሉ ቦርዱን መሩ፤ ሥራው አልቆመም።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርንም ከአምስት ዓመት በላይ ከመሩ በኋላ ለቦታው የሚበቃ ጉልበት እንዳልቀራቸው ተናግረው ለቀዋል። ስለዚህ ድካም የድኻ አገርም የሀብታም አገርም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ ከወጣን ወዲህ የዚህን እድር መዝገብ ይዘናል። ባለፈው ክረምት ዓይናችን ደክሞ፣ ስኳሩም ተነሥቶብን ሳለ ለማንም አልተናገርንም። እውነቱን ለመናገር ኩራት ይዞን ነው። ታዲያ ምን ሆነ? የአንዲት እናት የሦስት ወር መዋጮ በጎረቤቷ ስም ላይ ተጻፈ። ልጇ ባረፈ ጊዜ መዝገቡ «አልከፈለችም» አለ። እስኪጣራ ድረስ ድንኳኑ ሳይተከል ረፈደ፤ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆመ። እሷ ግን አልተጣላችንም። ደረሰኞቹን ከመቀነቷ ፈትታ እፊታችን ዘረጋችልን። ሦስቱም የገዛ እጃችን ጽሕፈት ነበሩ።

ይቅርታ ጠይቀናል፤ መዝገቡም ታርሟል። ያ ረፋድ ግን አይመለስም። የደከመው በሬ ካልተፈታ ትልሙን ያጣምማል፤ የሚጎዳውም ባለ እርሻው ነው። ያን ጊዜ «ደክሞናል» ብለን ቢሆን ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር።

ስለዚህ ጸሐፊነቱን ለመልቀቅ በዛሬው ስብሰባ ፊት እንጠይቃለን። የዛሬ ሁለት ወር እናስረክባለን። እስከዚያ ድረስ የምትመርጡት ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ይልመድ። መዝገቡ፣ ደረሰኙና ማኅተሙ በሦስት ምስክሮች ፊት ተቆጥረው ይፈረምባቸው፤ ያኔ ለሐሜት ቀዳዳ አይኖርም። ለወደፊቱም ጸሐፊው ምክትል ይኑረው፤ በየሁለት ዓመቱም «ደክሞሃል ወይ?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ። መጠየቁ ውለታ ነው እንጂ ስድብ አይደለም።

ስናርፍ ከእናንተ አንርቅም። መዋጯችንን እንከፍላለን፤ ጥሩምባ ሲነፋ እንወጣለን፤ አቅማችን በፈቀደ መጠን ወንበር እንደረድራለን። ያቺም እናት እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። በአደባባይ ያጎደልነውን በአደባባይ ይቅር በይን እንላታለን።