ልማት ለማን? ከጭላሎ የምንማረው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ገጠር ልማት በተነሣ ቁጥር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ገበሬው የደኸየው ባለማወቁ ነው የሚለውን ቃል ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ኖሮ፥ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አድርሶ፥ አሠራሩን አሳይቶ መመለስ በበቃ ነበር። አለመብቃቱን ለማስረዳት ዛሬ የጭላሎን ታሪክ እናነሣለን።

ጭላሎ ከአሩሲ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበረ፤ ዋና ከተማው አሰላ ነው። ደጋው ለስንዴና ለገብስ፥ መስኩ ለከብት የተመቸ ነው። በ1959 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በዚህ አውራጃ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፥ በአጭር ስሙ ካዱን፥ አቋቋሙ። ድርጅቱ ሥራውን በአንድ በኩል ብቻ አልያዘውም። በቁሉምሳ ዘር አባዛ፤ ማዳበሪያ በብድር አከፋፈለ፤ እህልና ወተት ገዛ፤ መንገድ አወጣ፤ ውሃ አጐለበተ። ለሌሎች አውራጃዎች አርኣያ ይሆናል ተብሎም ታሰበ። ምርቱም በእውነት አደገ። የስንዴው ማሳ ሲያምር ያየ ሁሉ ልማት መጣ አለ።

ነገር ግን መሬቱ የማን ነበር? ከአራሾቹ ብዙዎቹ ጭሰኞች ነበሩ። ለምሳሌ ያህል እንቍጠረው። አንድ የእኩል አራሽ 10 ኩንታል ስንዴ ቢያገኝ አምስቱ ለባለ መሬቱ ነው። ማዳበሪያ ተበድሮ ምርቱን 16 ኩንታል ቢያደርሰው፥ ከጭማሪው ስድስት ኩንታል ሦስቱ እንደ ገና ለባለ መሬቱ ይሄዳል። የማዳበሪያው ዕዳ የሁለት ኩንታል ዋጋ ቢሆንና አራሹ ብቻውን ቢከፍለው፥ ለድካሙ የሚተርፈው አንድ ኩንታል ነው። ዝናብ ከቀረ ግን ዕዳው አይቀርም። እንግዲህ ይህ ሰው ማዳበሪያውን ቢጠራጠር፥ ባለማወቁ ነው እንላለን ወይስ በማወቁ?

የከፋው ደግሞ በኋላ መጣ። መሬቱ ብዙ ትርፍ እንደሚሰጥ በታየ ጊዜ ባለ መሬቶች ጭሰኛውን ማስወጣትና ራሳቸው በትራክተር ማረስ፥ ወይም መሬቱን ለባለ ትራክተር ማከራየት ጀመሩ። የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ ይገባ ስለ ነበር ነገሩ ይበልጥ ተፋጠነ። ድርጅቱ ብድሩን ለአነስተኛ ገበሬዎች ለመወሰን ሞከረ፤ የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ሕግ ረቂቅም ለምክር ቤት ቀረበ። ረቂቁ ግን ሕግ ሳይሆን ቀረ። በዚህም ለድኻው የታሰበው ልማት ድኻውን ከነቤተ ሰቡ ከማሳው አስወጣው። የልማቱ ሠራተኞች ክፉ አስበው አይደለም፤ መሬቱን ሳይነኩ ምርቱን ብቻ ስለ ነኩ ነው።

ተማሪዎችም ይህን አስቀድመው ተናግረውት ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ብለው ወደ ምክር ቤት ሲሄዱ ብዙ ሰው የልጅ ነገር ነው ብሎ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚያ አላለቀም። ዛሬ አርሲ በስንዴው የታወቀ ነው፤ ኮምባይነርም ይታጨድበታል። በዚያው ገጠር ግን የራሱ ማሳ የሌለው ወጣት የሰው መሬት በእኩል ወይም በኪራይ ያርሳል። ስሙ ጭሰኛ አይባል እንጂ የቀድሞውን ስሌት ዛሬም የሚያሰላ አለ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ ከመካከላችን የልማት ዕቅድ የሚጽፉ ይወጣሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፥ የአገሩን ችግር የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነውና ዕቅዱን ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ጭማሪው ምርት ለማን ይደርሳል? ዝናብ ቢቀር ዕዳውን የሚሸከመው ማን ነው? ባለሙያውና መኪናው ሲሄዱ ሥራውን የሚቀጥለው ማን ነው?

በመጪው ክረምት ወደየቀያችን ስንመለስ ለማስተማር ከመቸኰላችን በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ካንድ አራሽ ዘንድ እንቀመጥ። የሰማነውንም ጽፈን ለዚህ ጋዜጣ እናምጣ። ከመምህራኖቻችን ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ ያን ጊዜ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከማሳው የመጣ ይሆናል።