ለሁሉም ክፍት የሆነ የሥራ ሶፍትዌርና የተጠቃሚው ድርሻ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)








የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ዘርና ስለ አፈር እንጂ ስለ ኮምፒዩተር ምን አገባው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን አርሶ አደሩ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ምርት ሚዛን ላይ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ወደ ቁጥርነት ይለወጣል። ቁጥሩ በትክክል ካልተጻፈ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና በወቅቱ መታረም ያስገኙት ውጤት እዚያው ሚዛኑ ሥር ይቀራል። በመሆኑም ማህበሮቻችን ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለመሸጋገር በሚነጋገሩበት በአሁኑ ወቅት፣ "በየትኛው ሶፍትዌር እንሥራ?" የሚለው ጥያቄ ለሒሳብ ክፍሉ ብቻ የሚተው ሳይሆን የአባላቱም ጥያቄ ሊሆን ይገባል የሚል እምነት አለኝ።

1. ኦፕን ሶርስ ማለት ምን ማለት ነው?

ሶፍትዌር ኮምፒዩተሩ ምን እንዲሠራ የሚያዝዝ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ኮድ ይባላል። በተለመደው የንግድ አሠራር ኮዱ በሠሪው እጅ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ስህተት ቢያይ ራሱ ሊያርመው አይችልም፤ ሌላ ባለሙያ ቀጥሮም ሊያሳርመው አይችልም።

ኦፕን ሶርስ በሚባለው አሠራር ግን ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊያጠናው፣ ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ሊለውጠውና ለሌላው ሊያካፍለው በፈቃድ ውሉ ላይ ተጽፎ ተሰጥቶታል። ለእኛ ለገበሬዎች ነገሩን በዘር ማየት ይቀላል። ዲቃላ በቆሎ የሚዘራ አርሶ አደር በየዓመቱ ዘሩን ከሻጭ መግዛት አለበት። ከራሱ ማሳ ጥሩውን የስንዴ ዛላ መርጦ የሚያስቀምጥ ገበሬ ደግሞ ዘሩን ይዘራል፣ ያሻሽላል፣ ለጎረቤቱም ያካፍላል። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን የትኛው እጁ ላይ እንዳለ አውቆ የማይዘራ ገበሬ የለም። ሶፍትዌርም እንደዚሁ ታውቆ መመረጥ አለበት።

የዚህ አሠራር ጀማሪ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የመሥራት ዕቅዱን ይፋ አደረገ፤ በ1989 ደግሞ ጂ ፒ ኤል የሚባለውን የፈቃድ ውል አወጣ። በዚህ ውል መሠረት ሶፍትዌሩን አሻሽሎ ለሌሎች የሚያሰራጭ ሰው እሱ ያገኘውን መብት ለተቀባዮቹም ማስተላለፍ ግዴታው ነው። ኦፕን ሶርስ የሚለው ስያሜ የመጣው ዘግይቶ በ1998 ነው።

2. ከህብረት ሥራ ጋር ያለው ዝምድናና ልዩነት

በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1844 ሃያ ስምንት ሰዎች ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሱቅ ከፈቱ። ከእነሱም መካከል ሸማኔዎች ነበሩ። ዱቄቱ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት፣ ሚዛኑም ያልተዛባ እንዲሆን የፈለጉት ገዢዎቹም ባለቤቶቹም ራሳቸው ስለነበሩ ነው። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመራው የእኛም የህብረት ሥራ ማህበር ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል። ተጠቃሚው ባለቤት ሲሆን ሚዛኑ ይስተካከላል ማለት ነው።

ክፍት ሶፍትዌርም በዚህ ይመስለናል። በአንድ ነገር ግን ይለያል። በማህበራችን አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠም ቢሆን በጉባኤ ቀን እጁን ያወጣል። በሶፍትዌር ማህበረሰብ ውስጥ ግን የእጅ ማውጣት መብት የተጻፈለት ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ የለም። የሚሰማው ችግሩን አጥርቶ የተናገረ፣ የተረጎመ፣ ያስተማረ ወይም ለሥራው ያዋጣ ነው። ዝም ያለ ተጠቃሚ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን በነፃ ማግኘት የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተጠቃሚው ተሳትፎ ነው።

3. ከሌሎች ተሞክሮ ምን እንማራለን?

የመጀመሪያው ምሳሌ ከኒውዚላንድ ነው። ሆሮፌኑዋ በሚባለው አካባቢ ያለው ቤተ መጻሕፍት ይሠራበት የነበረው የኮምፒዩተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. ወደ 2000 ሲሻገር እንደማይሠራ ታወቀ። ቤተ መጻሕፍቱ አነስተኛ ነበር። አንድ የአገሩን ድርጅት አሠርቶ በጥር 2000 አዲሱን ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለው፤ ከዚያም ለብቻው ከመያዝ ይልቅ ለሁሉም ክፍት አደረገው። ስሙን ኮሃ አሉት። ቃሉ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ሲሆን፣ ተቀባዩም በተራው ይመልሳል የሚል ሐሳብ አለው፤ ከእኛ ወንፈል ጋር የሚቀራረብ ነው። ወንፈሉም ሰመረ፤ ኮሃ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበትና አብረው የሚያሻሽሉት ሆኗል። ከዚህ የምንረዳው ትንሽ የገጠር ተቋምም ጀማሪ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ኮምፒየር ይባላል። ግዢን፣ ሽያጭን፣ መጋዘንንና ሒሳብን በአንድ ላይ የሚይዝ የድርጅት ሶፍትዌር ሲሆን፣ በአሜሪካ በዮርግ ያንኬ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀመረ። ኮዱ ክፍት ስለነበር በብዙ አገሮች ያሉ ባለሙያዎችና ተጠቃሚዎች ተሰባሰቡበት። ነገር ግን በ2006 ኩባንያው ከባለ ሀብቶች ገንዘብ ካገኘ በኋላ፣ ከማህበረሰቡ ይልቅ ለንግዱ አድልቷል የሚል ቅሬታ በረታ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቅር የተሰኙት ኮዱን ይዘው በመውጣት አዴምፒየሬ የሚባል አዲስ ሥራ ጀመሩ፤ ከመሪዎቹ አንዱ የማሌዥያው ሬድሁዋን ኦን ነበር። ኮምፒየር በ2010 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

ይህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ተጠቃሚዎቹ ሥራቸው ሳይቋረጥ መውጣት ቻሉ፤ ኮዱ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ባዶ እጃቸውን ይወጡ ነበር። በሌላ በኩል መለያየት ጉልበት ይበትናል። ከአዴምፒየሬም ራሱ ቆይቶ አይዴምፒየሬ የሚባል ተለይቶ ወጥቷል። ከማህበር ተገንጥለው ሌላ ማህበር የመሠረቱ ሰዎች ይህን ለማስረዳት እኔን አይፈልጉም። መውጫ በር መኖሩ መልካም ነው፤ ከበሩ በፊት ግን መደማመጥ ይቀድማል።

ሦስተኛው ምሳሌ የብድርና ቁጠባ ሥራን ይመለከታል። ማይፎስ የሚባለውን ለአነስተኛ ብድር ተቋማት የሚሆን ሶፍትዌር ያስጀመረው ግራሚን ፋውንዴሽን ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከቀጥታ ሥራው ሲወጣ ማህበረሰቡ ተረክቦ አስቀጠለው፤ ከዚሁ የተገኘው ፊነራክት የተባለው ሥርዓትም ከ2017 ጀምሮ በአፓቼ ፋውንዴሽን ሥር ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆኗል። ፕሮጀክት ሲዘጋ ሥራው አብሮ ሲዘጋ ላየን ለእኛ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርት የሚያደርጉበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ክፍት ሶፍትዌር ነው። ሥራው ከአፓርታይድ መወገድ በኋላ በደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የቀጠለ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የእኛ ባለ 13 ወር የዘመን አቆጣጠር ተካቷል። ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ነሐሴ 30 ላይ ዓመቱን ሊዘጋብን፣ ጳጉሜን 3 ቀን የተረከብነውን ምርትም አልቀበልም ሊለን ይችላል። ክፍት በሆነ ሥርዓት ግን የጎደለውን ማስገባት ይቻላል፤ ለዚህም የሚጠይቅና የሚሠራ ሰው መኖር አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ላክል። ክፍት የተባለ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ክፍት አይደለም። የቤልጅየሙ ኦዱ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት በሆነና በክፍያ በሚገኝ በሁለት ዓይነት ይቀርባል፤ የተሟላው የሒሳብ ሥራም በሚከፈልበት ውስጥ ነው። ክፍት በሆነው ላይ የጎደለውን ለማሟላት ተጠቃሚዎችና ባለሙያዎች ለትርፍ ያልቆመ የራሳቸውን ማህበር አቋቁመው ይሠራሉ። ስለዚህ "ነፃ ነው" ሲባል የትኛው ክፍል ነፃ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

4. ተጠቃሚው ምን ያበርክት?

ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው ምን ሊያበረክት ይችላል? ብዙ ሊያበረክት ይችላል።

አንደኛ፣ ስህተትን አጥርቶ መናገር ነው። "ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል" የሚል ቃል ማንንም አይረዳም። እንበል፣ መዛኙ 12 ኩንታል ከ40 ኪሎ ሲያስገባ ሥርዓቱ 12.04 ኩንታል ብሎ መዘገበ። ትክክለኛው 12.40 ነው። ልዩነቱ 36 ኪሎ ሲሆን፣ በኩንታል 4,000 ብር ሒሳብ አንድ አባል 1,440 ብር ይቀርበታል። በየትኛው ገጽ ላይ፣ ምን ሲጻፍ፣ ምን እንደወጣና ምን መውጣት እንደነበረበት በአራት መስመር የጻፈ መዛኝ፣ ያንን ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ ሁሉ ትልቅ ውለታ ዋለ።

ሁለተኛ፣ ትርጉም ነው። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ክፍት የጽሑፍና የሠንጠረዥ ሶፍትዌር ዛሬ በአማርኛ የሚሠራው ፈቃደኛ ሰዎች ስለተረጎሙት ነው። በእኛ ሥራ ደግሞ ዕጣን፣ የትርፍ ክፍፍልን፣ የምርት መረከቢያን ከአባሉ አፍ በተሻለ የሚያውቅ መዝገበ ቃላት የለም።

ሦስተኛ፣ የተማረው ላልተማረው ማሳየት ነው። አራተኛ፣ ማዋጣት ነው። አንድ መሠረታዊ ማህበር ለብቻው ባለሙያ መቅጠር ቢከብደው፣ በዩኒየን ደረጃ ተዋጥቶ የተሠራ ማሻሻያ ለሁሉም ይደርሳል።

5. ለዩኒየናችን የማቀርበው ሐሳብ

ክፍት ሶፍትዌር ወጪ የለውም ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። የኮምፒዩተር፣ የሥልጠና፣ የመረጃ ማስቀመጫና የባለሙያ ወጪ አለ፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል። በዚህ ምክንያት በጥድፊያ እንዳይገባበት የሚከተለውን ለውይይት አቀርባለሁ።

ከግዢ ወይም ከምርጫ በፊት አምስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ኮዱ የተሰጠው በምን የፈቃድ ውል ነው? መረጃችንን ሙሉ በሙሉ አውጥተን መውሰድ እንችላለን? ያስገባልን ባለሙያ ቢለቅ ሌላ ሰው ሊረከበው ይችላል? በአማርኛና በዘመን አቆጣጠራችን ይሠራል? ችግር ሲገጥመን የሚመልስልን ማህበረሰብ አለ?

ቀጥሎም የተጠቃሚዎች ኮሚቴ ይቋቋም። በኮሚቴው ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን መዛኙ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ከቁጥጥር ኮሚቴ አንድ ሰው እንዲሁም ደረሰኝ ተቀባይ የሆኑ አባላት፣ ሴቶችን ጨምሮ፣ ይኑሩበት። የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ እንዳይሆን ኃላፊነቱ ይከፋፈል። ኮሚቴው በየወሩ ተሰብስቦ የታዩ ስህተቶችን ይመዝግብ፣ ለሠሪዎቹ ይላክ፣ የተመለሰውንም ለአባላት ያሳውቅ።

በመጨረሻም ሥርዓቱ በአንድ ፈቃደኛ መሠረታዊ ማህበር አንድ የምርት ዘመን ይሞከር፤ የወረቀቱ መዝገብም ጎን ለጎን ይቀጥል። አዲስ ዘር በመጀመሪያ በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ እንጂ በቀበሌው ማሳ ሁሉ ላይ አይዘራም። ሁለቱ መዝገቦች በዓመቱ መጨረሻ ሲመሳከሩ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረቡ፤ ቀጥሎ የሚሆነውንም ጉባኤው ይወስን።

የወረዳ አመራሮቻችን በበኩላችሁ የኮሚቴውን አባላት በሥልጠና እንድታግዙ፣ ከየመሥሪያ ቤቱም በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ወጣቶች እንዲያማክሩን እንድታመቻቹልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የተከበራችሁ አባላት፣

ማህበራችንን ያቆምነው ነጋዴው ሚዛኑን ብቻውን ይዞ ስለነበር ነው። ዛሬ ሚዛኑ ከብረቱ ወደ ኮምፒዩተሩ እየገባ ነው። እዚያም ውስጥ ቢሆን አባሉ የሚያየው፣ የሚጠይቀውና የሚያርመው ሆኖ እንዲቀጥል ከአሁኑ እንነጋገርበት።