ምጥ ሲበረታ፦ ማስታገሻ ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ምጥ ሕመም ነው። “ይሄማ የሴቶች ጉዳይ ነው” ብለህ ገጹን ልትገልጥ ያሰብክ አባወራ ካለህ ግን ቆይ። አንተንም የሚመለከት ነገር አለበት።

በአገራችን አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ጎረቤት ይሰበሰባል። “ማርያም፣ ማርያም” ይባላል። ዱዓ የሚደረግበትም ቤት አለ። ተልባ ይበጠበጣል። ይህ ሁሉ የፍቅር ሥራ ነው። አብሮት የሚነገር ሌላ ቃል ግን አለ። “ቻይው እንጂ! እኛስ ወልደን የለም እንዴ?” ይሏታል። የጮኸች እንደሆነ ፈሪ ትባላለች። ስለዚህ ማስታገሻ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማች ሴት እንኳ መጠየቅ ታፍራለች። ሌላዋ ደግሞ “መርፌው ልጁን ይገድላል” ሲባል ሰምታ ትሸሻለች። ታዲያ አንቺ እህቴ፣ እፍረትም ፍርሃትም ሳይጫንሽ እንድትወስኚ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ምጥ ለምን ያማል? ማህፀን ጡንቻ ነው። ልጁን ለመግፋት ይኮማተራል፣ ይላላል፣ መልሶ ይኮማተራል። የማህፀን በርም ቀስ በቀስ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። ከ5 ሴንቲ ሜትር ወዲያ ምጡ ይጠነክራል። በመጀመሪያ ልጅ ከዚያ ተነሥቶ 10 ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ሕመሙ ግን እንደ ሴቷ ነው። አንዷ ምጥ ይዟት እንጀራ ጋግራ ትጨርሳለች። ሌላዋ ገና ከጅምሩ መቆም ያቅታታል። የሁለቱም ምጥ እውነተኛ ምጥ ነው።

አንዳንድ ሰው የምጥ ሕመም በሔዋን የተፈረደ ነውና አይነካ ይላል። ይህ ክርክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ሲምፕሰን የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም ለወላዶች ክሎሮፎርም የተባለ ማደንዘዣ መስጠት ጀመረ። በሃይማኖት ምክንያት ለሚቃወሙት ሲመልስም፣ አምላክ ከአዳም ጎን አጥንት የወሰደው አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ ጥሎበት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1853 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስምንተኛ ልጇን ስትወልድ ይህንኑ ማደንዘዣ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሴቶች ተከተሏት። ዛሬ ክሎሮፎርም ለወሊድ አይሰጥም፤ ከእሱ የተሻለ መድኃኒት ተገኝቷል።

ከመድኃኒት በፊት ግን ያለ መድኃኒት የሚሆነውን ልንገርሽ። መራመድ፣ እንደተመቸሽ መቀመጥ ወይም መንበርከክ፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ወገብሽን መታሸት፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ወገብሽ ላይ ማድረግ ይረዳል። የምታምኛት ሰው አጠገብሽ መሆኗም ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እነዚህን ደግፏል። የሚታሸው ወገብ ነው። ሆድን መጫን ግን አደገኛ ነው፤ በቅቤም ቢሆን አይፈቀድም።

ይህ ካልበቃሽስ? አንዱ መንገድ እንደ ፔቲዲን ያለ መርፌ ነው። በጡንቻ ይወጋል። በ20 ደቂቃ ገደማ ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ሕመሙን ያለዝባል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ሊያስተኛሽ፣ ሊያስመልስሽም ይችላል። ልጁ ሊወለድ ሲቃረብ ከተሰጠ ልጁ እንቅልፋም ሊሆን፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። “ልጁን ይገድላል” የሚለው ወሬ ምናልባት ከዚህ የመነጨ ይሆናል። ባለሙያ ሰዓቱን ጠብቆ ሲሰጠውና ልጁን የሚረዳበት መሣሪያ አጠገቡ ሲኖረው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መርፌው ይሰጥ አይሰጥ ብቻ አይደለም፤ ማን ይሰጣል፣ መቼ ይሰጣል ነው።

ሁለተኛው ኤፒዱራል ይባላል። በወገብ በኩል በመርፌ ቀጭን ቱቦ ገብቶ መድኃኒቱ በእሱ ይሰጣል። ከሁሉም የበለጠ ሕመም የሚያስታግሰው ይህ ነው። እናቲቱ ነቅታ ትወልዳለች። “ወገብ ዕድሜ ልክ ያሽመደምዳል” የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ ዘላቂ ጉዳት እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። “ለቀዶ ጥገና ይዳርጋል” የሚለውንም ጥናቶች አልደገፉትም። እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የደም ግፊት ሊወርድ፣ እግር ሊከብድ፣ ሽንት በራስ መሽናት ሊያቅት ይችላል። የመግፊያው ጊዜ ሊረዝም ይችላል። አንዳንዷን በኋላ ብርቱ ራስ ምታት ይይዛታል። ደሟ ቶሎ የማይረጋ ሴት አይሰጣትም። ሰመመን ሰጪ ባለሙያና የማያቋርጥ ክትትል ስለሚፈልግ በገጠር ጤና ጣቢያ አይጠበቅም። በትልልቅ ሆስፒታሎችም ቢሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥብቄ ልናገር። ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተሽ ሕመም አስታግሳለሁ አትበይ። ከአምስተኛው ወር ወዲህ የጽንሱን ኩላሊትና ከልቡ የሚወጣውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ምጥ ማፋጠኛ መርፌ የሕመም ማስታገሻ አይደለም፤ እንዲያውም ምጡን ያበረታዋል። ያለ ክትትል የተሰጠ እንደሆነ ማህፀን ሊቀድ፣ ልጁንም ሊያፍን ይችላል። በቤትሽ ማንም እንዳይወጋሽ።

ማስታገሻ የተጣበቀ ምጥ እንደማይፈታም እወቂ። ምጡ ከረዘመ፣ ደም ከበዛ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሐኪም ያስፈልጋል። መቻል እዚህ ላይ ጀግንነት አይደለም። በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው፣ ምጥ ጠንቶባቸው ቀናት ሲያምጡ ቆይተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ላቃታቸው እናቶች ነው።

ታዲያ ማን ይወስን? የሚያማት ሴት ትወስን ባይ ነኝ። ያለ መድኃኒት ልወልድ ካለች መብቷ ነው፤ ጀግና ለመባል ሳይሆን ራሷ ስለመረጠች። ልውሰድ ካለችም ሰነፍ አትባል። ጀምራ ሐሳቧን ብትለውጥም አትወቀስ፤ ምጥን ሳያዩት ማወቅ አይቻልምና። አማትም ምክር ትስጥ፣ ፍርድ ግን አትስጥ። አንተ አባወራ ደግሞ የመጓጓዣውን ገንዘብ አስቀድመህ አዘጋጅ። “እናቴ በጓዳ ነው የወለደችኝ” የሚለውን ለዚያ ሌሊት ተወው።

ምጡ ከያዘሽ በኋላ መመካከር ይከብዳል። ስለዚህ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትሄጂ ደብተርሽን ያዢ። መጻፍ ተምረሻልና እነዚህን ጥያቄዎች በራስሽ እጅ ጻፊ፦ እዚህ ለሕመም ምን ትሰጣላችሁ? በሌሊትስ ይገኛል? ልጁ ቢደክም የሚረዳው ማነው? እናቴ ወይም እህቴ አጠገቤ መሆን ትችላለች? ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስደሽ ሰውነትሽን ያሳከከሽ ወይም ያሳበጠሽ ከሆነ፣ አስም ካለብሽ፣ ወይም ደምሽ ቶሎ የማይቆም ከሆነ ይህንንም ጻፊው። የማታነብ ጎረቤት ካለችሽ ለእሷም ጻፊላት። አዋላጇ የምትመልስልሽን እዚያው ከሥሩ ጻፊ። ወረቀቱን ከልጁ መጠቅለያ ጨርቅ ጋር አስቀምጪው፤ የሚሸኙሽ ሰዎች በቀላሉ እንዲያገኙት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እትብት አያያዝ እንነጋገራለን። ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ፣ ማርያም በሽልም ታውጣችሁ። ደህና ሁኑ።