ጥማት ሳይቀድም

አፋር፣ ዳሎል። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ሜዳ ጨው ቆራጮች ከማለዳ ጀምሮ አሞሌ ይጠርባሉ። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው።

እዚያ ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላቡም ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል። ጥማት የሚሰማው ግን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋማት በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ፣ ሩብ ሊትር የሚጠጋ ውሃ መጠጣትን ይመክራሉ። ብዙ ውሃ በአንዴ ከመጨለጥ ይህ እጅግ ይሻላል።

ገደብም አለው። በሰዓት ከ1.4 ሊትር በላይ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። በየመሃሉ ምግብ መብላት በላብ የወጣውን ጨው ይተካል።

ሠራተኛው በሙቀቱ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተወላገደ ፈጥኖ ጥላ ውስጥ አስገብቶ በውሃ ማቀዝቀዝና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።