የጎተራችንን እንጨት ክረምት ሳይገባ እናድስ



የጎተራችሁ እግር ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት አመድ ሲመስል “በሰበሰ” ብላችሁ ለማገዶ አትፍለጡት። ብዙ ጊዜ የተጎዳው ላይኛው ስስ ገጽ ብቻ ነው። በቢላዋ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ይታደሳል፤ ቢላዋው በቀላሉ ከገባና እንጨቱ ከተፈረፈረ ግን እህል አይሸከምምና ቀይሩት።

ለእድሳት ጎተራው ባዶ የሚሆንበትንና ዝናብ የሌለበትን ጊዜ ምረጡ።

1. ምስጥ የሠራውን የአፈር መሹለኪያ ጠርጋችሁ አንሱ።
2. የውጭውን እንጨት በሳሙናና በውሃ፣ መስመሩን ተከትላችሁ በብሩሽ እጠቡ፤ ውስጡን አታርጥቡ።
3. ለብዙ ቀናት አድርቁት። እርጥብ እንጨት ዘይት አይጠጣም።
4. የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት እህል በሚነካው በኩል በፍጹም አይቀባም።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከጎተራው አርቃችሁ፣ ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

እግሩ አፈር እንዳይነካ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙት፤ ብስባሴም ምስጥም የሚጀምረው ከታች ነው። የዓመት ልፋታችሁ የተሸከመው በእነዚህ እግሮች ነውና ያደሳችሁትን ለጎረቤቶቻችሁም አሳዩ።