ቁጥብ ቃል፦ የእግር ኳስ አሠልጣኝ በጋዜጠኛ ፊት



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መንገዱ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አቋርጦ ሲወጣ ደብረ ሲና ከእግሩ ሥር ናት፤ ከርሷም ወዲያ የይፋት ቆላ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ይህ ግን ሰማዩ በጠራበት ዕለት ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን በሚውጥበት ጊዜ፣ ሾፌር ከፊቱ ያለውን መታጠፊያ እንኳ ለይቶ ማየት ይሳነዋል። በዚህን ጊዜ ከታች ሽቅብ የሚመጣው ሾፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ጉም ነው፤ እስከ ከተማው አይለቅህም፤ መብራት አብራ» ይልና ያልፋል። ሌላ አንዳች ቃል አይጨምርም። የተናገረው ጥቂት ቢሆንም ያለውን ሁኔታ፣ ስፋቱንና መደረግ የሚገባውን በአንድነት ይዟል። ሰሚውም የሚጎድልበት ነገር የለም።

የዛሬው ንግግር ርእስ የእግር ኳስ አሠልጣኝ በጋዜጠኛ ፊት ስለሚያሳየው ቁጥብነት ነው። ርእሱ ለመሐንዲሶች ማኅበር እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ አሠልጣኝና መሐንዲስ የሚጋሩት አንድ ዕጣ አለ። ሁለቱም ሥራቸውን የሚሠሩት በብዙ ሕዝብ ዐይን ፊት ነው፤ ሁለቱም ውጤቱ ሲሠምር እምብዛም አይጠየቁም፤ ሲበላሽ ግን ማይክሮፎን ወዲያው ይደቀንባቸዋል። በዚያች ሰዓት የሚሰጡት አጭር መልስ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጣርማበሩ ሾፌር ቃል መንገድ ያሳያል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ራሱ ጉም ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

በመጀመሪያ፣ አሠልጣኝ ቃሉን የሚቆጥብበት ምክንያት በቂ መሆኑን ማመን ይገባል። ዘጠናው ደቂቃ እንዳበቃ ወደ ጋዜጠኞች ሲቀርብ፣ የሆነውን ሁሉ ገና አልመረመረም፤ የተጐዳውን ተጫዋች ሐኪም ገና አላየለትም። የሚቀጥለው ተጋጣሚ እያንዳንዷን ቃል እንደሚያደምጥ ያውቃል። ከሁሉም በላይ የሳተውን ልጅ በስሙ ቢጠራ፣ ያ ልጅ በማግሥቱ ለልምምድ ሲመጣ በምን ዐይን እንደሚያየው ያስባል። አባቶች «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ያሉት እንዲህ ላለው ሰው ነው። በዛሬው ዘመን በዓለም አቀፍና በአህጉር ውድድሮች አሠልጣኝ ከጨዋታ በፊትና በኋላ ለጋዜጠኞች መግለጫ እንዲሰጥ ደንቡ ያስገድደዋል። ደንቡ ግን ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ ልቡን አያስከፍተውም።

ጋዜጠኛውም በበኩሉ ከነቀፋ ነጻ አይደለም። «ስለ ውጤቱ ምን ይሰማዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ተሸናፊ፣ «አዝኛለሁ» ከማለት በቀር ምን ሊመልስ ይችላል? ፍሬ የሌለው ጥያቄ ፍሬ ያለው መልስ አይወልድም። «ከዕረፍት በኋላ የመሐል ተከላካዩን ስለ ምን ለወጡት?» የተባለ አሠልጣኝ ግን፣ ቢያንስ እውነቱን ለመናገር ወይም ለመሸሽ መወሰን ይኖርበታል።

በዓለም የእግር ኳስ ታሪክ ስለ ቁጥብነት ሲነሣ ስማቸው ከሚጠራው አንዱ ሰር አልፍ ራምዚ ናቸው። እኚህ ሰው ከ1963 እስከ 1974 እ.አ.አ. የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል፤ በ1966 እ.አ.አ. አገራቸው እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ያገኘችውን የወንዶች የዓለም ዋንጫ አስገኝተዋል። ሥራውን እንደ ያዙ እንግሊዝ ዋንጫውን እንደምትወስድ ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ ለጋዜጠኞች የሚሰጡት ቃል እጅግ አነስተኛ ነበር። ቡድናቸው ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 2 ባሸነፈበት ሰዓት እንኳ፣ በዙሪያቸው ያሉት ሲዘሉ እርሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀርተዋል።

የራምዚ ቁጥብነት መልካም ፍሬ የታየበት አጋጣሚ በዚያው ውድድር ውስጥ ነው። ኖቢ ስታይልስ የተባለው ተጫዋች ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ግጥሚያ አንድ ተጋጣሚውን ክፉኛ ስለ መታ፣ ከገዛ አገሩ የእግር ኳስ ማኅበር ሹማምንት መካከል ከቡድኑ እንዲወጣ የጠየቁ ነበሩ። ራምዚ ረጅም መከላከያ አላቀረቡም፤ እርሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ የሚል መልስ ብቻ ሰጡ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ፤ ስታይልስም እስከ መጨረሻው ተጫወተ። መልሱ አጭር ነበር፤ ተናጋሪው ግን ሥልጣኑን በመያዣነት አስቀምጦበታል።

ክፉ ፍሬውም የታየው ብዙ ሳይቆይ ነው። በሩብ ፍጻሜው እንግሊዝ አርጀንቲናን 1 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ፣ ራምዚ በቁጣ ተሞልተው ለቴሌቪዥን በሰጡት ቃል የተጋጣሚውን አጨዋወት ከአራዊት ጠባይ ጋር አመሳሰሉ። አንዲት ቃል ናት፤ ነገር ግን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነውና መመለሻ አልነበራትም። የደቡብ አሜሪካ ጋዜጦች ለብዙ ዓመታት አልረሱዋትም። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ዋንጫውን ለመከላከል ሲሄዱ፣ ራምዚ የአስተናጋጁን አገር ጋዜጠኞች በቀዝቃዛ ፊት ተቀበሉ። ጋዜጠኞቹም አጸፋውን መለሱ። ከብራዚል ጋር በሚጋጠሙበት ዋዜማ ሌሊት ሕዝብ ሆቴሉን ከብቦ በጩኸት እንቅልፍ ነሣቸው። እንግሊዝ በብራዚል 1 ለ 0፣ ቀጥሎም በሩብ ፍጻሜው 2 ለ 0 ስትመራ ከቆየች በኋላ በምዕራብ ጀርመን 3 ለ 2 ተሸነፈች። የተሸነፈችው በጋዜጠኞች ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ቁጥብነት ወደ ንቀት ሲለወጥ ወዳጅ ሊሆን ይችል የነበረውን ሰው ባላጋራ እንደሚያደርግ ግልጽ ነው።

ያው የአርጀንቲና ግጥሚያ ለመሐንዲሶች ደስ የሚል ሌላ ውጤትም አስከትሏል። ጀርመናዊው ዳኛ የአርጀንቲናውን አምበል አንቶንዮ ራቲንን ከሜዳ ሲያስወጡ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ስለማያውቅ ጨዋታው ለብዙ ደቂቃዎች ተቋረጠ። በዚያው ጨዋታ ማን እንደ ተመዘገበና ማን እንዳልተመዘገበም ግራ መጋባት ተፈጠረ። የዳኞቹ ኃላፊ የነበሩት እንግሊዛዊው ኬን አስተን መኪናቸውን እየነዱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ለንደን ውስጥ በአንድ የትራፊክ መብራት ፊት ቆመው ስለዚሁ ችግር ያሰላስሉ ነበር። ቢጫው ተጠንቀቅ፣ ቀዩ ቁም ይላል፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻም። የቢጫና የቀይ ካርድ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ መብራት ነው፤ በ1970 እ.አ.አ. በሜክሲኮው ውድድር ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ በእግር ኳስ ውስጥ ከሁሉ የሚያጥረው ንግግር ከመንገድ ሥራ የተወሰደ ምልክት ነው ማለት ነው። ካርዱ ቃል የለውም፤ ነገር ግን ትርጉሙ የታወቀ፣ ተጠያቂውም የታየ ስለሆነ በዓለም ሁሉ ይሠራል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚመዘግበው ሰው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በአገራችን በ2005 ዓ.ም. ብዙ አስከፍሏል። በዚያ ዓመት በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ብሔራዊ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ የሕዝቡን ልብ አሙቆ ነበር። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ ለ2014 እ.አ.አ. የዓለም ዋንጫ ወደሚያደርሰው የመጨረሻ ዙር እንዳለፈ ታመነ። ደስታው ከስታዲየሙ አልፎ ወደ አውራ ጐዳናው ፈሰሰ። ግን በዚያው ዕለት የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ከስምንት ቀን በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ግጥሚያ ሊሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፏል በማለት ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ተጫዋቹ በሁለት የተለያዩ ግጥሚያዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ አንድ ጨዋታ ማረፍ ነበረበት። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ሒሳቡን መያዝ የእርሱ ሥራ አልነበረምና።

እዚህ ላይ በአእምሮ ወደ ደብረ ሲና መመለስ ይጠቅማል። ከስታዲየሙ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖር ሰው የቡድኑን ነገር የሚያውቀው በጋዜጠኛ አንደበት ነው። አገራችን በ1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው ተሰማ ባሠለጠኑት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ቴሌቪዥን ገና አልተጀመረም ነበር፤ ሜዳ ያልገባው ሕዝብ ድሉን የሰማው በራዲዮ፣ ያነበበውም በጋዜጣ ነው። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲገኝም፣ ደምሴ ዳምጤ በራዲዮ ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ በብዙዎች ጆሮ ውስጥ አለ። ስለዚህ አሠልጣኝም ሆነ ፌዴሬሽን ለጋዜጠኛ ሲመልስ፣ የሚመልሰው ፊቱ ለቆመው ሰው ብቻ አይደለም፤ ቆሎዋን ለመንገደኛ እየሸጠች ራዲዮ ለምታዳምጠው የደብረ ሲና ሴት ጭምር ነው። ይህን የዘነጋ ዝምታ የሚቀጣው ጋዜጠኛውን ሳይሆን አድማጩን ነው። አሌክስ ፈርጉሰን ከቢ.ቢ.ሲ. ጋር ተቀያይመው ከ2004 እስከ 2011 እ.አ.አ. ለጣቢያው ቃል አልሰጥም ባሉ ጊዜ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የተነፈገው በቅያሜው ውስጥ እጁ የሌለበት ተመልካች ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ያ ሁሉ አድማጭ የጠበቀው ረጅም ሐተታ አልነበረም። ሦስት ነገር ብቻ ፈለገ፤ ነገሩ እውነት ነው ወይ? ኃላፊው ማን ነው? ከእንግዲህስ ምን ይሆናል? የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ብዙም ሳይቆይ ስሕተቱ መፈጸሙን አመነ። ለመጀመሪያው ጥያቄ በዚሁ መልስ ተገኘ። የሦስተኛው መልስ ሒሳብ ነበር፤ ቦትስዋና 3 ለ 0 እንዳሸነፈች ተቆጠረላት፤ የኢትዮጵያ 13 ነጥብ ወደ 10 ወረደ፤ የቀረውን ግጥሚያ ማሸነፍ ግዴታ ሆነ። ቡድኑም ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በመሪነት ፈጸመ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ በሁለቱም ግጥሚያዎች ብትረታውም፣ እስከዚያ የደረሰው በሜዳ ላይ በሠራው ሥራ ነው። እምነቱ ቅጣቱን አላስቀረም፤ ሆኖም ሕዝቡ የት እንደ ቆመ ዐወቀ። ያ ሁሉ መከራ ግን አንድ ሰው በአንድ መዝገብ ላይ አንዲት መሥመር ቢጽፍና ለአሠልጣኙ በጊዜው ቢያስታውስ ኖሮ ባልመጣ ነበር። በውስጥ መነገር የነበረበት አጭር ቃል ሲጐድል፣ በውጭ ብዙ ቃል ማስፈለጉ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል። ቁጥብነት የሚመዘነው በቃላት ቍጥር አይደለም፤ ከቃሉ በስተኋላ በቆመው ነገር ነው። እውነቱን ይዞ፣ ኃላፊነቱን ወስዶ፣ ቀጣዩን ያመለከተ መልስ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ባይበልጥም ሙሉ ነው። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ያልያዘ መልስ ግን ቢያጥርም ቢረዝምም ባዶ ነው። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የሚለው ምሳሌ ብዙ መናገርን ይነቅፋል እንጂ ባዶ ዝምታን አያመሰግንም።

ለመሐንዲስ ይህ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ወይን በተባለው ስፍራ መሬቱ ተንሸራቶ ገበሬዎች ከቤት ንብረታቸው ተፈናቅለዋል። የዚያ ተዳፋት ጠባይ በባለሙያዎች የተጠና ነው፤ ቍልቍለቱ የበረታ፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ዐለት በብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀና የተበላ፣ ክረምት ሲመጣም ውሃ ጠጥቶ የሚከብድ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ገበሬ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ ማታ ከልጆቼ ጋር እዚህ ልደር ወይስ ልውጣ?» ይላል። «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚለው መልስ አጭር ነው፤ ምናልባት እውነትም ነው፤ ለርሱ ግን ምንም አልነገረውም። «መሬቱ ገና እየሄደ ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ እዚህ አትደር፤ ልኬቱን የምከታተለው እኔ ነኝ፤ ሰኞ ተመልሼ የደረሰበትን እነግርሃለሁ» የሚለው ደግሞ ከዚያ ብዙም አይረዝምም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ያልተጣራን ነገር አስቀድሞ መናገር ነውር ነው፤ መሐንዲስ በግምት ከሚናገር ዝም ቢል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ትክክልም ናቸው። ነገር ግን ያልታወቀውን አልታወቀም ማለትና የታወቀውን መሸሸግ አንድ አይደሉም። አሠልጣኝ የነገውን አሰላለፍ ቢደብቅ መብቱ ነው፤ ያለፈውን ስሕተት ቢደብቅ ግን የሰው ገንዘብ መደበቅ ነው። መሐንዲስም እንዲሁ የንድፉን ውስጠ ነገር ለጋዜጠኛ የመዘርዘር ግዴታ የለበትም፤ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ሰው መጠንቀቅ የሚገባው ከሆነ ግን ዝም ማለት አይፈቀድለትም።

ክቡራንና ክቡራት፤

በየሥራ ቦታችሁ ማይክሮፎን ሲደቀንባችሁ ብዙ ተናገሩ የሚላችሁ የለም። ከጣርማበር በታች ሽቅብ የሚመጣውን ሾፌር ብቻ አስታውሱ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሦስት ነገር ተናግሮ ያልፋል፤ ወራጁም መብራቱን አብርቶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በሰላም ደብረ ሲና ይገባል።