የደምቢያ ወባና የባለሙያ እርጋታ



«ረጋ» የሚለው ግስ ለወተትም ለሰውም ይነገራል። የረጋ ወተት እርጎ ይሆናል፤ የረጋ ሰውም እርጋታ አለው ይባላል። እርጎ ደግሞ ጊዜና ዕቃ ይፈልጋል።

ሆኖም እርጋታ ሁሉ አንድ አይደለም። የጎንደር ደገኛ ወባን በመሸሽ ያውቀው ነበር፤ ቆላ ወርዶ ያርሳል፣ ሳይመሽ ወደ ደጋው ተመልሶ ያድራል። ይህ ፍርሃት ዕውቀት ነበረበት፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነድፈው በሌሊት ነውና። ከጊዜ በኋላ ግን ከፍታው ራሱ መድኃኒት መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በ1958 ደግሞ ዝናቡና ሙቀቱ ከልማዱ ሲያልፍ፣ በሽታው ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍ ወዳለው የኢትዮጵያ ምድር ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታመመ፤ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። ደገኛው ለወባ የመቋቋም ኃይል አልነበረውም። «እኛ ዘንድ አይደርስም» ብሎ መቀመጥ ከሩቅ ሲያዩት እርጋታን ይመስላል።

በሁለቱ ወረርሽኞች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የኮሚኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድነት ሠልጥነው፣ በአንድነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ስለ ኮሌጁ ብዙ ተብሏል፤ ሥራን አስቀድሞ መከፋፈል የእርጋታ ትምህርት መሆኑ ግን እምብዛም አልተነገረም።

በትኩሳት የተቃጠለ ሕፃን ሲያንዘፈዝፈው፣ ዘመድ ክፍሉን ሞልቶ ሲጮኽ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ባለሙያ የማይፈራ ሰው አይደለም፤ ቀጥሎ የሚሠራውን የሚያውቅ ነው። አንዱ ሕፃኑን በጐኑ አስተኝቶ ትንፋሹን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የደሙን ስኳር ይለካል፤ ሦስተኛው አርቴሱኔቱን በክብደቱ ልክ ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ በአንድ የሌሊት ተረኛ ትከሻ ላይ ከወደቀ ግን፣ ያን ሰው «ለምን አልተረጋጋህም» ብሎ መገሠጽ ግፍ ነው። መጠየቅ ያለበት ብቻውን የመደበው ነው።

የሚጮኸውን ዘመድ ገፍቶ ማስወጣት በየጤና ጣቢያው የተለመደ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ከበር ውጭ የባሰ ጩኸት ነው። ልምድ ያላት ነርስ እናቲቱን «ነይ እቴ፣ እንዲህ በጐኑ አድርገሽ ያዢልኝ» ትላታለች። እናትም ልጇን ትይዛለች፤ ዐይኗን ከትንፋሹ ሳትነቅል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።